«የወፍ ፉጨት» ያልሆነው ስም፦ የስም ትርጉም የሚሸጥ አንድ አገልግሎትና የኦክስፎርዱ መዝገበ ቃላት ሲመዘኑ

በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ስምን ትርጉም አትመው የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ገዢው ስሙን በድረ ገጻቸው ላይ ሞልቶ ይከፍላል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ብራና በሚመስል ወረቀት ላይ በጌጠኛ ፊደል የታተመ የስሙ ታሪክ ከአንድ የጋሻ ዓርማ ጋር ተቀርጾ፣ በክፈፍ ውስጥ ሆኖ በፖስታ ይደርሰዋል። ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ድርጅቶች ከአንዱ ገዝቼ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው የድርጅቱን ማንነት ማወቅ ሳይሆን እንዲህ ያለ ሥራ በምን እንደሚመዘን ማወቅ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ከዚያ በኋላ ያንኑ ስም ይዤ የኦክስፎርድን የብሪታንያና የአየርላንድ የቤተሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት አገላበጥሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው በሁለቱ ላይ ያለኝን አስተያየት ነው።

ነገሩ የጀመረው በስጦታ ነው። ለረጅም ዓመታት አብረውን የሠሩ አንድ ሰው ጡረታ ሲወጡ በመሥሪያ ቤቱ ያለን ሁላችን ገንዘብ አዋጣንና ምን እንግዛላቸው ብለን ስንመካከር፣ የስማቸውን ታሪክ ብንሰጣቸው ደስ ይላቸዋል የሚል ሐሳብ መጣ። የቤተሰብ ስማቸው በርትዊስል ነው። በእንግሊዝ ብርቅ ከሚባሉት ስሞች አንዱ ሲሆን፣ ከአገሩ ውጭ ያለ ሰው ሰምቶት ከሆነ የሰማው ምናልባት በሙዚቃ ደራሲው በሰር ሃሪሰን በርትዊስል (1934–2022) በኩል ይሆናል። የሥራ ባልደረባችን ስማቸውን በስልክ ሲናገሩ ሁልጊዜ ፊደል በፊደል ይቆጥሩት ነበር፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው አንዴም ቢሆን በመጀመሪያው ሲጽፈው አልሰማሁም። ዕድሜውን ሙሉ ስሙን ለሰው ሲያስረዳ የኖረ ሰው፣ ስሙ ራሱ ምን እንደሚል ተጽፎ ቢያገኝ የሚሰማው ደስታ ይታየኝ ስለነበር ግዢውን እኔው ወሰድሁት።

አገልግሎቱ በውጭ ገጽታው የሚነቀፍ አይደለም። 30 ፓውንድ ገደማ ከፈልን፤ በአምስተኛው ቀን ደረሰ፤ ክፈፉ ጠንካራ እንጨት ነው፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ሕትመቱም ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ያለው በተጻፈው ላይ ነው። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል «ወፍ»፣ ሁለተኛው ክፍል «ፉጨት» መሆኑን ይገልጽና፣ የመጀመሪያው የስሙ ባለቤት እንደ ወፍ የሚያፏጭ፣ ወይም በፉጨት ወፎችን እየጠራ የሚያጠምድ ሰው ነበር ይላል። ከዚያ ስለ ጀግንነትና ስለ ክብር ለማንኛውም ቤተሰብ ሊነገሩ የሚችሉ ሁለት አንቀጾች ይከተላሉ። ዓመተ ምሕረት የለበትም። የመንደር ስም የለበትም። ስሙ በድሮ ጊዜ እንዴት ይጻፍ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ቃል እንኳ የለበትም። ከጽሑፉ በላይ አንዲት ወፍ ያለችበት ጋሻ ተስሏል።

ሰውየው ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሁላችንንም አመሰገኑ። ከዚያ አጠገባቸው ለነበርሁት ለእኔ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አያቴ ግን የቦታ ስም ነው ይሉ ነበር» አሉኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ ስጦታውን ላለማሳነስ በጣም ተጠንቅቀው ነው የተናገሩት። ነገር ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከልቤ ስላልወጣች በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አንድ ትልቅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የማጣቀሻ ክፍል ሄድሁ።

አያታቸው ልክ ነበሩ። መዝገበ ቃላቱ በርትዊስል የቦታ ስም መሆኑን ያስረዳል፤ ቦታው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንካሺር ክፍለ ግዛት፣ በፓዲሃም ከተማ አቅራቢያ የነበረና ዛሬ የጠፋ ሰፈር ነው። ስሙ በጥንታዊ እንግሊዝኛ ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው፤ አንዱ «ብሪድ» ሲሆን ትርጉሙ የወፍ ጫጩት ማለት ነው፤ ሌላው «ትዊስላ» ሲሆን ወንዝ ወይም ጅረት ለሁለት የሚከፈልበት፣ ወይም ሁለት ጅረቶች የሚገናኙበት መንታ ቦታ ማለት ነው። እንግዲህ በርትዊስል የሚያፏጭ ሰው ሳይሆን፣ የወፍ ጫጩቶች የሚገኙበት የወንዞች መገናኛ ነው።

ድርጅቱ የተሳሳተበትን መንገድ መከተል የስሙን ታሪክ ለመረዳት ስለሚረዳ ትንሽ ልቆይበት። «ወፍ» የሚለው ግማሽ እውነት ነው፤ ሆኖም የጥንቱ ቃል ማንኛውንም ወፍ ሳይሆን በተለይ ጫጩትን የሚያመለክት ነበር፤ ለአዋቂው ወፍ የነበረው የተለመደ ስም ሌላ ነው። ደግሞም ቃሉ ያን ጊዜ «ብሪድ» እንጂ «በርድ» አልነበረም። በእንግሊዝኛ የ«ር» ድምፅና አጠገቡ ያለው አናባቢ ቦታ መለዋወጣቸው በብዙ ቃላት ላይ የደረሰ ነው፤ ፈረስ ዛሬ «ሆርስ» ይባል እንጂ ጥንት «ህሮስ» ነበር፤ ሦስተኛ ለማለት ዛሬ «ሰርድ» የሚባለው ጥንት «ስሪዳ» ነበር። በ14ኛው መቶ ዓመት ባለቅኔው ቾሰር ይጽፍ በነበረበት ዘመን «ብሪድ» የሚለው አነጋገር ገና አልጠፋም ነበር። የስሙ የመጀመሪያ ክፍልም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ከ«ብሪድ» ወደ «በርት» ተለወጠ።

«ፉጨት» የሚለው ግን ፈጽሞ የለም። ፉጨት በእንግሊዝኛ «ዊስል» ስለሆነ ጆሮ ያታልላል፤ እዚህ ያለው ግን «ትዊስላ» ነው፤ ሥሩም ሁለት፣ መንታ የሚል ሐሳብ ያለው፣ መንትያ ለማለት «ትዊን» ከሚባለው ቃል ጋር የሚዛመድ ነው። «በርድ» እና «ትዊስል» ተያይዘው ፈጠን ተብለው ሲነገሩ፣ «ድ» እና «ት» በአፍ ውስጥ በአንድ ቦታ የሚፈጠሩ ድምፆች በመሆናቸው አንዱ በሌላው ይዋጣል፤ የሚቀረው «በርድዊስል» ነው። ጸሐፊዎች የሰሙትን ሲጽፉ፣ ትርጉሙ የጠፋባቸውን ቃል ትርጉም ባለው ቃል ተክተው «ፉጨት» በሚጻፍበት ፊደል ጻፉት። ከአትላንቲክ ማዶ በዚህ ዓይነት አጻጻፍ የሚታወቁ ሰው አሉ፤ የሰውነት እንቅስቃሴ እንደ ቋንቋ የሚያስተላልፈውን መልእክት ያጠኑት አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ምሁር ሬይ በርድዊስል (1918–1994)። ድርጅቱ እንግዲህ የተረጎመው ስሙን ሳይሆን የአንድን ጸሐፊ የጆሮ ስሕተት ነው።

የወንዝ መንታ የሚለው ትርጉም እውነት መሆኑን የሚያሳየው በጣም ጠንካራው ማስረጃ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከስሙ ውጭ ያለው ማለትም ጎረቤቶቹ ናቸው። በዚያው በላንካሺር፣ ሙዚቀኛው በርትዊስል ከተወለዱባት ከአክሪንግተን ጥግ ኦስዋልድትዊስል የምትባል ከተማ አለች፤ የኦስዋልድ የወንዝ መንታ ማለት ነው። ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦልተን በኩል ኤንትዊስል የሚባል መንደር አለ፤ የዳክዬዎች ወይም የውሃ ዶሮዎች መንታ ማለት ሲሆን፣ እርሱም በፈንታው የቤተሰብ ስም ሆኗል። ዳክዬ የወንዝ መንታ ላይ ሲዋኝ፣ የወፍ ጫጩት እዚያው ዳር ጎጆ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ስሞቹ በአንድ አካባቢ ያሉ ሰዎች አገራቸውን ያዩበት አንድ ዓይን መሆናቸው ይታወቃል። አንዱን ስም ለብቻው አውጥቶ በጆሮ የሚተረጉም ሰው ይህንን ሊያይ አይችልም።

በሰሜን፣ በኖርዘምበርላንድ ደግሞ ሃልትዊስል የምትባል ከተማ አለች። «ሃልት» በዛሬው እንግሊዝኛ ቁም ማለት ነው፤ ባቡር ጣቢያም አላት፤ ስለዚህ ባቡሩ ቆሞ የሚያፏጭበት ቦታ ስለሆነ ነው የሚል ጨዋታ ሲነገር ይሰማል። የኒውካስልና የካርላይል ባቡር መንገድ ከዳር እስከ ዳር የተከፈተው በ1838 ሲሆን፣ የከተማዋ ስም ግን ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተጽፎ ይገኛል። ከፍ ያለ ማለት ከሆነ የጥንት ፈረንሳይኛ ቃልና ከዚሁ ከ«ትዊስላ» የተሠራ ነው፤ ከተማዋም የሃልትዊስል ጅረት ከደቡብ ታይን ወንዝ ጋር ከሚገናኝበት አጠገብ ናት። ያ የባቡር ጨዋታና ድርጅቱ የሸጠልን ወረቀት የተሠሩበት ዘዴ አንድ ነው።

መዝገበ ቃላቱ የሚሠራበት ዘዴ ተቃራኒ ነው። የታተመው በ2016 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ፓትሪክ ሃንክስ፣ ሪቻርድ ኮትስ እና ፒተር ማክሉር ናቸው፤ ጥናቱም ማዕከሉን ያደረገው በብሪስቶል በሚገኘው በዌስት ኦፍ ኢንግላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በአራት ትልልቅ ቅጾች ከ45,000 በላይ ስሞችን ይዟል። ብርቅ ስም ላለው ሰው ዋናው ነገር የመግቢያ መስፈርቱ ነው፦ ዛሬ ከ100 በላይ ሰዎች የሚጠሩበት ስም ሁሉ፣ እንዲሁም በ1881 የሕዝብ ቆጠራ ከ20 በላይ ሰዎች ይጠሩበት የነበረ ስም እንዲገባ ተደርጓል። ይህ ማለት ብዙ ጊዜ በአነስተኛ መዝገበ ቃላት ቦታ የማያገኙ ስሞች እዚህ ቦታ አግኝተዋል ማለት ነው። ቆይተው ከውጭ የመጡ ቤተሰቦች ስሞችም አልተተዉም።

በእያንዳንዱ ስም ሥር የሚታየው አቀማመጥ ራሱ ስለ ስም እንዴት ማሰብ እንደሚገባ ያስተምራል። መጀመሪያ የስሙ ልዩ ልዩ አጻጻፎች ይዘረዘራሉ፤ ቀጥሎ ስሙ ዛሬ ምን ያህል ሰው እንዳለውና በ1881 ምን ያህል እንደነበረው፣ ያን ጊዜም በብዛት የሚገኝበት ክፍለ ግዛት ይነገራል፤ ለአየርላንድ ስሞች ከ1847 እስከ 1864 የተካሄደው የመሬት ግምት መዝገብ ተጠቅሷል። ከዚያ ትርጉሙ ይመጣል፤ ከትርጉሙም በኋላ ስሙን የያዙ የጥንት ሰዎች፣ የተጻፉበት ዓመት፣ የተጻፉበት ቦታና የሰነዱ ዓይነት ይከተላሉ። አንባቢው ትርጉሙን ባይቀበል እንኳ በምን ላይ እንደቆመ ያያል። ድርጅቱ የሸጠልን ወረቀት የጎደለው ይህ ነው፤ የትርጉሙ ስሕተት እንኳ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

በተለይ የ1881 አሃዝ ለብርቅ ስም ያለው ዋጋ ትልቅ ነው። ስሚዝ የሚል ስም በየትም አለ፤ ብዛቱ ስለ መነሻው ብዙም አይነግርም። በርትዊስል ግን በላንካሺር የተከማቸ ነው። ስሙ ከወፍ አጥማጅነት የመጣ ቢሆን ኖሮ ወፍ በየአገሩ ስለሚጠመድ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ተበትኖ መገኘት ነበረበት፤ በአንድ አካባቢ መሰብሰቡ ግን ከአንድ ቦታ፣ ምናልባትም ከአንድ ወይም ከጥቂት ቤተሰቦች መነሣቱን ይጠቁማል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይህን ሳነብ በጣም ያስገረመኝ ሌላው ነገር፣ የቦታ ስም ለሰው የሚወጣው ሰውየው ከቦታው ሲወጣ መሆኑ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ሁሉም የዚያው ሰፈር ሰው ስለሆነ ማንም ጎረቤቱን በሰፈሩ ስም አይለየውም፤ ወደ ሌላ መንደር ሲሄድ ግን «ያ የበርትዊስሉ ሰው» ይባላል፤ ልጁም በዚያው ይጠራል። በ1066 ከኖርማኖች ወረራ በኋላ ባሉት መቶ ዓመታት መሬት፣ ውርስና ግብር በጽሑፍ እየተያዙ ሲመጡ፣ እንዲህ ያለው መለያ ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚያልፍ ስም ሆነ፤ በ1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ስም ነበረው። ሰፈሩ ጠፍቶ፣ የሰፈሩ ስም በሄዱት ሰዎች ላይ ቀረ።

አንድ ስም ብቻ ፈትኜ እንዳልፈርድ ብዬ፣ ድርጅቱ በድረ ገጹ ላይ ለናሙና በነጻ የሚያሳየውን ሌላ ስምም አነጻጸርሁ። ስሙ ሳይድቦተም ነው። በዛሬው እንግሊዝኛ ሲሰማ «ጎን» እና «መቀመጫ» ስለሚመስል ተሸካሚዎቹን ሲያሳፍር የኖረ ስም ነው፤ አነባበቡን የቀየሩም አሉ። ድርጅቱ እዚህም የዛሬዎቹን ሁለት ቃላት ተርጉሞ ከዚያ በላይ አልሄደም። ስሙ ግን ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ሰፊ ማለት ከሆነው «ሲድ» እና የሸለቆ ግርጌ ማለት ከሆነው «ቦትም» የተሠራ ነው፤ ሰፊ ሸለቆ ማለት ነው። በልጅነቱ በስሙ የተሣቀበት ሰው ይህንን ማወቁ ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለውን እውነት ገንዘብ ተቀብሎ አለመንገር፣ በእኔ ዓይን፣ ከባድ ጉድለት ነው።

የጋሻውን ዓርማ በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። በእንግሊዝ የጋሻ ዓርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ሲሆን፣ ከእርሱ የሚወርሱት ሕጋዊ ዘሮቹ ናቸው፤ የአንድ የቤተሰብ ስም የጋራ ዓርማ የሚባል ነገር የለም። ይህንን የሚቆጣጠረው በ1484 የተቋቋመውና ዛሬ በለንደን በኩዊን ቪክቶሪያ ጎዳና የሚገኘው የዓርማ ኮሌጅ ነው። ስለዚህ በክፈፋችን ላይ ያለችው ወፍ የባልደረባችን ዘመድ አይደለችም።

መዝገበ ቃላቱ ምንም እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ሲወጣ ዋጋው 400 ፓውንድ ነበር፤ ይህ ለቤተ መጻሕፍት እንጂ ስለ አንድ ስም ብቻ ለሚጠይቅ ሰው የሚቻል አይደለም። ቅጾቹ ከባድ ስለሆኑ በጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ እንጂ በእጅ ይዞ ማንበብ አይቻልም። አጻጻፉ ምጥን ነው፤ የክፍለ ግዛቶችና የሰነዶች ስሞች በምሕጻረ ቃል ስለሚቀመጡ፣ ለእንዲህ ያለ ንባብ አዲስ የሆነ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት የሚያሳልፈው ከመግቢያው ዝርዝር ጋር እየተመላለሰ ነው። እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር፤ ከሦስተኛው ስም በኋላ ግን ዓይን ይለምደዋል። ሌላው፣ መዝገበ ቃላቱ የስሙን መነሻ እንጂ የአንባቢውን የዘር ሐረግ አይነግርም። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ፤ ዛሬ በርትዊስል የሚባል ሰው ስሙን በእናት በኩል፣ በጉዲፈቻ ወይም በምርጫ አግኝቶት ሊሆን ይችላል።

የራሱን መስመር መከተል የሚፈልግ ሰው ከመዝገበ ቃላቱ ቀጥሎ ወደ መዛግብት መሄድ አለበት፤ አካሄዱም ከዛሬ ወደ ኋላ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የልደት፣ የጋብቻና የሞት የመንግሥት ምዝገባ የጀመረው በሐምሌ ወር 1837 ነው። ከዚያ በፊት ያለው በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት መዛግብት ይፈለጋል፤ እነዚህ በ1538 በቶማስ ክሮምዌል ትእዛዝ የተጀመሩ ናቸው። ከዚያም ወዲያ በ1377፣ በ1379 እና በ1381 የተጣለው የነፍስ ወከፍ ግብር ዝርዝር አለ፤ ተርፎ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ተራውን ሕዝብ በስም የያዘ በመሆኑ ለስም ጥናት እጅግ ጠቃሚ ነው። የ1881 ቆጠራ ዝርዝር በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ሊፈለግ ይችላል፤ ብርቅ ስም ያለው ሰው የስሙን ባለቤቶች በየመንደሩ ሊቆጥር ስለሚችል ከዚህ ቢጀምር እመክራለሁ። ለእኛ 30 ፓውንድ ካስወጣን ወረቀት ይልቅ በነጻ የሚገኘው ይህ ዝርዝር የበለጠ ይናገራል።

ስለዚህ የስም ትርጉም ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ስሙ በመጀመሪያ ተጽፎ የተገኘው በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ቦታ፣ በምን ፊደል ነው? ለዚህ መልስ ከሌለው፣ ክፈፉ ምንም ያህል ቢያምር፣ የሚሸጠው የወረቀቱን ዋጋ ብቻ ነው። መዝገበ ቃላቱን ግን በቤተ መጻሕፍት ለሚያገኘው ሁሉ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ በብሪታንያ የሚታተም መጽሐፍ ሁሉ ቅጂው ለብሪቲሽ ላይብረሪ እንዲገባ ሕግ ስለሚያስገድድ፣ ሌላ ቦታ ያጣው ሰው ቢያንስ እዚያ ያገኘዋል።

ቅዳሜ ቀን ከቤተ መጻሕፍቱ ስወጣ ስለ በርትዊስል የተጻፈውን በእጄ ገልብጬ ነበር። ቤት ገብቼ በትልልቅ ፊደል በንጹሕ ወረቀት ላይ ጻፍሁትና ምሕጻረ ቃላቱን ፈታሁ፤ በግርጌው ፓዲሃምን፣ አክሪንግተንን፣ ኦስዋልድትዊስልንና ኤንትዊስልን የሚያሳይ ትንሽ ካርታ ሣልሁ። ለባልደረባችን ስሰጣቸው ጣታቸውን ከአንዱ ስም ወደ ሌላው እያሻገሩ ካርታውን ተከተሉት፤ ፓዲሃም ላይ ሲደርሱ፣ «አያቴ ይህን ቢያዩ» አሉና ዝም አሉ። ከአንድ ወር በኋላ ቤታቸው ስጠራ ክፈፉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ብራና መሳዩን ወረቀት ከውስጡ አውጥተው እኔ የጻፍሁትን አስገብተውበታል።